ቅርንፉድ እራት አይሆንም፦ የዛንዚባር ደሴቶችና የሩዛቸው ታሪክ



ሻያችን ውስጥ ጣል የምናደርጋት ቅርንፉድ ለእኛ መዓዛ ናት። ለዛንዚባር ሙስሊሞች ግን የሀብትም የረሃብም ሰበብ ሆና ታውቃለች። ዛንዚባር ሲባል ብዙዎቻችን የሚታወሰን የሱልጣኖቹ ቤተ መንግሥትና በጥበብ የተቀረጹት በሮች ነው። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ድስቱ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛንዚባር ስንል ኡንጉጃና ፔምባ የሚባሉትን ሁለት ትልልቅ ደሴቶች ከትንንሾቹ ጋር ማለታችን ነው። ፔምባን ዐረቦች አረንጓዴዋ ደሴት ይሏት ነበር። ዝናብ አላት፣ በኮረብቶቿ መካከል ያሉት እርጥብ ሸለቆዎችም ለሩዝ የተመቹ ናቸው። ኢብኑ በጡጣ በ1331 ሞምባሳ ደሴት ሲደርስ የሕዝቡ ምግብ ሙዝና ዓሣ እንደሆነ፣ እህል ግን ከማዶ እንደሚመጣ ጽፏል። ፔምባ እንዲህ አልነበረችም። ከራሷ አልፋ በኋለኞቹ መቶ ዓመታት የሞምባሳን ሰው በሩዟ ትቀልብ ነበር።

ከዚያ ቅርንፉድ መጣ። ዛፉ የመጣው ከሩቅ ምሥራቅ፣ ዛሬ ኢንዶኔዥያ ከምንላት አገር ደሴቶች፣ በፈረንሳዮች ይዞታ በኩል ዞሮ ነው። የዑማኑ ገዢ ሰይድ ሰዒድ ቢን ሱልጣን ዋጋውን አይተው ባለ መሬቶችን አስተክለዋል፤ መቀመጫቸውንም ከመስቀጥ ወደ ዛንዚባር አዛውረዋል። ያልተከለ መሬቱን ያጣል የሚል ትእዛዝ ነበር ይባላል። እዚህ ላይ ግን ማለፍ የሌለብን ነገር አለ። ያንን ሁሉ ዛፍ የተከሉት፣ ያረሙትና የለቀሙት ከአፍሪካ ምድር ተግዘው የመጡ ባሮች ናቸው፤ ባለቤቶቹም በአብዛኛው ሙስሊሞች ነበሩ። ስለ ዛንዚባር ክብር የሚያወሩ አንዳንድ ጽሑፎች ይህንን ይዘላሉ። እኔ መዝለሉ ትክክል አይመስለኝም።

በ1872 በዚያ አካባቢ ብርቅ የሆነ ዐውሎ ነፋስ ኡንጉጃን መታ። አብዛኛው የቅርንፉድና የኮኮናት ዛፍ ወደቀ። ፔምባ ግን በአብዛኛው ተረፈች። ሰው ከዚህ ምን የሚማር ይመስላችኋል? በአንድ ሰብል መንጠልጠል አደገኛ መሆኑን? አይደለም! ቅርንፉድ በመጥፋቱ ዋጋው ወጣ፣ የፔምባ ባለ መሬቶችም የባሰውን ተከሉ። ሩዝ ትሸጥ የነበረችው ደሴት ቅርንፉድ እየሸጠች ሩዝ የምትገዛ ሆነች።

ታዲያ ድሃው ምን ይበላ ነበር? ባርነት በ1897 በሕግ ከተሻረ በኋላ ብዙ ነፃ የወጡ ሰዎች እዚያው እርሻ ላይ ቀሩ። በዛፎቹ መካከል ካሳቫ፣ ስኳር ድንችና ባቄላ ይዘራሉ፤ በምትኩ የባለቤቱን ማሳ ያርማሉ፣ በወቅቱም ቅርንፉድ ይለቅማሉ። አንድ ነገር ግን ክልክል ነበር፦ ዛፍ መትከል። በዚያ አገር ልማድ መሬቱ የአንድ ሰው፣ ዛፉ የሌላ ሰው መሆን ይችላል። ስለዚህ ድሃው ኮኮናት ከተከለ መብት ሊጠይቅ ነው ማለት ነው። ካሳቫ ግን ተነቅሎ ያልቃል፤ ማንንም አያሰጋም።

ያ የተናቀ ካሳቫ ዋጋው የታወቀው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። የደሴቶቹ ሩዝ በብዛት ይመጣ የነበረው ከበርማ ነበር። በ1942 ጃፓን በርማን ስትይዝ መንገዱ ተዘጋ። ቅርንፉድ በመጋዘን አለ፣ ገንዘብም አለ፣ ሩዝ ግን የለም። እንግሊዞቹ ራሽን አወጡ፣ ሕዝቡ ምግብ እንዲዘራ መወትወት ጀመሩ። ለስንት ዓመት ቅርንፉድ ቅርንፉድ ሲሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው እንግዲህ! ጦርነቱ ሲያልቅ መርከቡ ተመለሰ፣ ነገሩም ተረሳ።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ፖለቲካው ሲከር አንዳንድ ባለ መሬቶች እነዚያን ካሳቫ የሚዘሩ ቤተሰቦች ማባረር ጀመሩ። ሰውን ከማሳው ማባረር ከቁርሱና ከእራቱ ማባረር ነው፤ በጥር 1964 ለፈነዳው ደም ያፋሰሰ አብዮት አንዱ ቁጣ ከዚህ የመጣ ነው። ፕሬዚዳንት አቤይድ ካሩሜ ትልልቆቹን እርሻዎች ወርሰው ለድሆች ሦስት ሦስት ኤከር፣ ማለትም ከአንድ ሄክታር ትንሽ የሚበልጥ መሬት አከፋፈሉ። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግን «ራሳችንን እንችላለን» ብለው ከውጭ የሚገባውን ምግብ ቆነጠጡት። ማሳው ገና ሳይደርስ ሩዝና ስኳር በራሽን ሆነ፣ ሰልፉ ረዘመ። የሚያሳዝነው፣ ያኔ ቅርንፉድ በጥሩ ዋጋ እየተሸጠ መንግሥት የውጭ ምንዛሪ ያጠራቅም ነበር። ካሩሜ በሚያዝያ 1972 ተገደሉ፤ ገደቡም ከእሳቸው በኋላ እየላላ ሄደ።

ቀጥሎ ደግሞ ዋናዋ ገዢ ኢንዶኔዥያ የራሷን ዛፍ አብዝታ ተከለችና በ1980ዎቹ የቅርንፉድ ዋጋ ወደቀ። ዛሬ ዛንዚባር የምትኖረው በብዛት በቱሪስት ነው። ሩዙ አሁንም በብዛት በመርከብ ይመጣል፣ በሆቴሎቹ ጠረጴዛ ላይ ካለው አትክልትም ብዙው ባሕር ተሻግሮ ነው የሚመጣው። ካሳቫው ግን በየመንደሩ፣ በአሮጌዎቹ የቅርንፉድ ዛፎች ሥር፣ አሁንም ይዘራል።

ወላሁ አዕለም።