«ሞኖሊቲክ» እና «ውቅር»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ስለ ቅዱስ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በሚነገርበት ቦታ ሁሉ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አይታጣም፤ «ሞኖሊቲክ»። ብዙ ወጣቶችም ለእንግዶች ሲያስረዱ ይህንኑ ይደግማሉ። ለመሆኑ ትርጉሙ ምንድን ነው? አባቶቻችን ካቆዩልን ቃልስ በምን ይለያል?

የቃሉ ሥር ግሪክ ነው። «ሞኖስ» አንድ፣ ብቸኛ ማለት ሲሆን «ሊቶስ» ደግሞ ድንጋይ ነው፤ ሲጣመሩ «ከአንድ ድንጋይ የሆነ» የሚል ትርጉም ይሰጣሉ። «ሞኖስ» ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ «መነኮሰ» የሚለው ቃላችን የተገኘው ከዚሁ ሥር ከወጣው «ሞናኮስ» ነውና። እንግሊዝኛው ዛሬ በምሳሌነትም ያገለግላል፤ ግዙፍና ለመለወጥ አስቸጋሪ የሆነ ሥርዓት «ሞኖሊቲክ» ይባላል።

ይሁን እንጂ በአጠቃቀሙ ጥንቃቄ ያሻል። 11ዱም አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ስም ሲጠሩ ይሰማል። በጥብቅ ትርጉሙ ግን ዙሪያቸውም ጣሪያቸውም ከዐለቱ ተለይቶ የቆሙት 4 ናቸው፤ እነርሱም ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ አማኑኤልና ቤተ ጊዮርጊስ ናቸው። የቤተ አባ ሊባኖስ ጣሪያ ከዐለቱ ጋር እንደ ተያያዘ ነው፤ ቤተ መስቀልም በቤተ ማርያም ቅጥር ግድግዳ ውስጥ ተፈልፍሏል። በዚያው በላስታ የሚገኘው ይምርሐነ ክርስቶስ ደግሞ በዋሻ ውስጥ በድንጋይና በእንጨት የታነጸ እንጂ የተፈለፈለ አይደለም።

የእኛ ቃል «ውቅር» ነው። «ወቀረ» ማለት ድንጋይን ጠረበ፣ ፈለፈለ ማለት ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ስለ ድንጋዩ ሲናገር «ውቅር» ስለ ሠሪው ድካም ይናገራል፤ ስለዚህም 11ዱን ሁሉ ያለ ስሕተት ይጠራል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የአርማትያሱ ዮሴፍ የጌታችንን ሥጋ ያኖረበት አዲስ መቃብር የተነገረውም በዚሁ ግሥ ነው (ማቴ. 27፥60)። ቤተ ጎልጎታንና ዮርዳኖስን በያዘችው በላሊበላ ቆሞ «ውቅር» የሚል ምእመን፣ የጌታውን መቃብርና ትንሣኤውን ያስባል።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፤ እንግዳ ሲጠይቃችሁ «ሞኖሊቲክ» የሚለውን በተገቢው ቦታ ተናገሩ፤ ነገር ግን «ውቅር» የሚለውንም ከነትርጉሙ አስተምሩት። በውሰት ቃል ብቻ የተተረከ ታሪክ፣ ቅርጹ ቢነገርም ምሥጢሩ ይቀራልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።