«የከተማ ባለአደራ» ምን ማለት ነው?

«ሪሲቨርሺፕ» የሚለው ቃል ከዕዳና ከፍርድ ቤት ሰፈር የመጣ ነው። አንድ ድርጅት ዕዳውን መክፈል ሲያቅተው ፍርድ ቤት ገለልተኛ ሰው ይሾማል፤ ሰውየው ንብረቱን ቆጥሮ ይረከባል፣ ይጠብቃል፣ ሒሳብ ያወራርዳል። አሜሪካኖች ይህንኑ አሠራር ወደ ከተማ አመጡት። ከተማው ሲከስር የስቴቱ መንግሥት ሰው ይሾምና የከንቲባውና የምክር ቤቱ ሥልጣን ለጊዜው ወደዚያ ሰው ይዞራል። ስቴት ማለት በእኛ አነጋገር ክልል ነው። ስለዚህ ጥያቄው ወደ አገራችን ሲመጣ እንዲህ ይሆናል፦ አንድ ከተማ ራሱን ማስተዳደር ሲያቅተው ክልሉ ሊረከበው ይገባል?

አማርኛ አቻውን ለማግኘት ብዙ መድከም አያስፈልግም። «የባለአደራ አስተዳደር» የሚለውን ከ1998 ዓ.ም ጀምሮ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሌሎች አማራጮችም አሉ። «ጊዜያዊ አስተዳደር» ሕጎቻችን የሚወዱት ነው፤ ግን ነገሩ እንደሚያልፍ እንጂ ንብረቱ የማን እንደሆነ አይናገርም። «ሞግዚት አስተዳደር» የሚለው ደግሞ የጣሊያን ሶማሊያ ከ1950 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት ስም የተዳደረችበትን ዓይነት አስተዳደር ያስታውሳል። ሞግዚት ለልጅ ነው፤ የከተማ ነዋሪ ግን ልጅ አይደለም። እኔ ባለአደራን የምመርጠው አደራ ባለቤት ስላለውና ስለሚመለስ ነው። ያልመለሰ ሰው ምን እንደሚባል ደግሞ ማንም ያውቃል፤ አደራ በላ ነው።

ነገሩን በአንድ ከተማ ላይ አስቀምጦ ማየት ይሻላል፤ መካነ ሰላምን እንውሰድ። የቦረና ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳል፤ ከእርሷ ወዲያ መንገዱ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ጎጃም ይሻገራል። ከቦረና፣ ከሳይንትና ከወግዲ የሚመጣ ገበሬ እህሉንና በጉን የሚሸጥባት፣ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም አንዱ ግቢ ያለባት ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የውኃ፣ የቤት ኪራይና የቆሻሻ ጥያቄ አብሮ ይገባል። ከተማዋ ከስራለች እያልኩ አይደለም። ችግሩ ቢመጣ ምን መልክ እንደሚይዝ ለማየት ግን እንዲህ ያለች የወሎ ደጋ ከተማ ከአዲስ አበባም በአሜሪካ ከከሰረችው ከዲትሮይትም ትሻላለች።

የእኛ አነስተኛ ከተሞች እንደ አሜሪካ ከተሞች ቦንድ ሸጠው ዕዳ ውስጥ አይዘፈቁም። ገንዘባቸው በሁለት ኪስ የተከፈለ ነው። አንደኛው ኪስ «የመንግሥት ተግባር» የሚባለውን ይሸፍናል፦ ትምህርት ቤቱን፣ ጤና ጣቢያውን፣ የሠራተኛውን ደመወዝ። ይህ በአብዛኛው ከክልሉ በቀመር በሚመጣ ድጎማ የሚኖር ነው። ሁለተኛው «የማዘጋጃ ቤት ተግባር» ነው፦ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የመንገድ መብራት፣ ቄራ፣ ገበያ፣ ቆሻሻ ማንሳት። ይህን ከተማው ከራሱ ገቢ፣ ማለትም ከሊዝ፣ ከቦታ ኪራይ፣ ከጣሪያና ግድግዳ ግብርና ከገበያ ክፍያ እንዲሸፍን ይጠበቃል። ስለዚህ የእኛ ከተማ ሲወድቅ «ከሠረ» የሚል ወሬ አይሰማም። ኮብልስቶኑ በግማሽ ይቀራል፤ የተቃጠለው የውኃ ሞተር ጨረታ ሲጠብቅ ወራት ያልፋሉ፤ መሬቱ ለከተማ መስፋፊያ የተወሰደበት ገበሬ ለካሳው ይመላለሳል፤ ማኅበር ተደራጅቶ መንገድ የጠረገ ወጣት ክፍያው «በጀት የለም» ይባልበታል። ይህ ሁሉ ጆሮ የማይስብ ኪሳራ ነው።

መረከቡስ? በአሜሪካ አዋጅ ይወጣል፣ ጋዜጣ ይጮኻል፣ ሰው ይከሳል። እዚህ ግን ለውጡ የሚታወቀው ከተማው ሒሳብ ባለበት ባንክ ነው። አዲሱ ኃላፊ የሹመት ደብዳቤውን ይዞ ይመጣል፤ የቀድሞው ፊርማ ከሒሳቡ ይነሣል፣ የእርሱ ይገባል። ክቡን ማኅተም ይረከባል፤ የካዝናው ገንዘብ በኮሚቴ ተቆጥሮ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ የንብረት ክፍል ኃላፊው ሞዴል 19ና ሞዴል 22 ጥራዞችን አውጥቶ ኮምፒውተሩን፣ ሞተር ሳይክሉንና ወንበሩን አንድ በአንድ ያስረክባል። ሁለት የባንክ ፊርማና አንድ ማኅተም ተዛወሩ ማለት ከተማው ተዛወረ ማለት ነው። ይህ በአገራችን በየጊዜው ይደረጋል፤ ስሙ ግን «ባለአደራ» አይደለም፣ ሹም ሽር ነው። ከላይ የመጣው ሰው ለምን እንደመጣ፣ እስከ መቼ እንደሚቆይና ሒሳቡን ለማን እንደሚያስረክብ በጽሑፍ የሚነገረው ነዋሪ የለም።

ከዚህ አንጻር ሲታይ የአዲስ አበባ ሁለት ታሪኮች ትምህርታቸው ብዙ ነው። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ሁለተኛውን ቢሆንም ለጥያቄያችን የሚቀርበው የመጀመሪያው ነው። በ1995 ዓ.ም የከተማዋ አገልግሎት ቅሬታ በበዛበት ጊዜ በከንቲባ ዓሊ አብዶ ይመራ የነበረው አስተዳደር ተነሥቶ በአርከበ ዕቁባይ የሚመራ ጊዜያዊ አስተዳደር ተተካ። በዚያው ዓመት የከተማዋ ቻርተር ሁለት ጊዜ ተሻሻለ፤ በአዋጅ ቁጥር 311 እና 361። አርከበን ነዋሪው አልመረጣቸውም፤ ሥራቸው ግን በዓይን የሚታይ ነበር። የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ያኔ ተጀመረ፤ በየመንገዱ ዳር የተተከሉት ትንንሽ ሱቆች ዛሬም «የአርከበ ሱቅ» ይባላሉ። ከተማን ወስዶ ማስተካከል ይቻላል ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ታዲያ ነዋሪው ድምፅ የሚሰጥበት ቀን መጣ። ግንቦት 7 ቀን 1997 በተደረገው ምርጫ ተቃዋሚው ቅንጅት ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን ወሰደ፤ ጊዜያዊ አስተዳደሩን ለሾመው ገዥ ፓርቲ አንድ ቀረለት። የዚያ ምርጫ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ በመንገድና በሱቅ ብቻ አይተነተንም። ቢሆንም የምረዳው ነገር አለ፦ ከላይ የተሾመ ሰው ከተማን ሊጠግን ይችላል፤ ጥገናው ግን ይሁንታን አይገዛም። ነዋሪ አገልግሎት ማግኘቱንና የሚያስተዳድረውን መምረጡን እንደ ሁለት ጉዳይ ነው የሚያየው።

ሁለተኛው ታሪክ ከዚያ ይቀጥላል። ቅንጅት ዶ/ር ብርሃኑ ነጋን ለከንቲባነት መርጦ ነበር፤ በውጤቱ ውዝግብ ምክንያት ግን ምክር ቤቱን ሳይረከብ ቀረ፤ በ1998 መጀመሪያም መሪዎቹ ታሰሩ። በግንቦት 1998 የፌዴራል መንግሥት በብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ባለአደራ አስተዳደር አቋቋመ፤ እርሱም ከሚያዝያ 2000 ምርጫ በኋላ ኩማ ደመቅሳ ከንቲባ እስኪሆኑ ቆየ። አዲስ አበባ ያኔ አልከሰረችም። የጠፋው ተረካቢ እንጂ ገንዘብ አልነበረም። አደራ ብሎ የሰጠ ነዋሪም አልነበረም፤ ቃሉን መንግሥት ለራሱ የመረጠው ነው። ከዓመታት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም፣ ጋዜጠኛው እስክንድር ነጋና ጓደኞቹ «የአዲስ አበባ ባለአደራ ምክር ቤት» ብለው ሲነሡ ያንኑ ቃል ከታች ወደ ላይ ገለበጡት። አንዱ በአዋጅ፣ ሌላው በአዳራሽ ስብሰባ ባለአደራ ነኝ አለ፤ ሁለቱም የአዲስ አበባን ሰው ድምፅ አልጠየቁም።

አሜሪካ ምን ላይ ደረሰች? ዲትሮይት 18 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳ ተቆልሎባት በመጋቢት 2013 እ.ኤ.አ. የሚቺጋን ስቴት ኬቭን ኦር የተባሉ ጠበቃ አስተዳዳሪ አድርጎ ሾመባት። በሐምሌ ወር ከተማዋ የመክሰር አቤቱታ አቀረበች፤ በታኅሣሥ 2014 ከፍርድ ቤት ወጣች፤ ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር የሚሆነው ዕዳ ተሰረዘላት፤ የጡረተኞች አበል ግን ተቀነሰ። የመንገድ መብራቱ በራ፤ ይህ ሐሰት አይደለም። እዚያው ስቴት ውስጥ ያለችው ፍሊንት ደግሞ በተሿሚ አስተዳዳሪዎች እጅ ሳለች በሚያዝያ 2014 እ.ኤ.አ. ወጪ ለመቀነስ ሲባል የመጠጥ ውኃዋን ከወንዟ መቅዳት ጀመረች። ውኃው ቧንቧውን እየበላ እርሳስ ወደ ሕፃናት ጽዋ አገባ። ነዋሪው ውኃው ቆሽሿል፣ ይሸታል እያለ ሲጮኽ ውሳኔውን የሚያስቀይርበት የተመረጠ ሰው ሥልጣን አልነበረውም፤ ምንጩ የተለወጠው በጥቅምት 2015 እ.ኤ.አ. ነው። በኋላ አገረ ገዥው ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ቡድን ዋናውን ጥፋት በስቴቱ ላይ ጣለ። ሒሳብን ብቻ የሚያይ ባለአደራ ውኃንም በሒሳብ ዓይን ያየዋል።

ደቡብ አፍሪካ ሌላ መንገድ አላት። የ1996 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 139 ክፍለ ግዛት በማዘጋጃ ቤት ጣልቃ የሚገባበትን በደረጃ ያስቀምጣል፤ ምክር ቤት እስከ መበተን ከተደረሰም በ90 ቀን ውስጥ ምርጫ ይደረጋል። የጋውቴንግ ክፍለ ግዛት በ2020 እ.ኤ.አ. የሽዋኔን (የፕሪቶሪያን) ምክር ቤት ሲበትን ፍርድ ቤት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ከለከለው። የሚረከበውን «አይሆንም» የሚል ሦስተኛ ወገን አለ ማለት ነው። ለእኔ የነገሩ አስኳል ይኸው ነው።

በእኛ ዘንድ ያለው ሕግ ከላይኛው እርከን ነው የሚጀምረው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 62 መሠረት አንድ ክልል ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን አደጋ ላይ ሲጥል የፌዴራል መንግሥት ጣልቃ እንዲገባ ያዛል፤ ዝርዝሩ በአዋጅ ቁጥር 359/1995 ተደንግጓል። ይኸው አዋጅ በጥቅምት 2013 ዓ.ም በትግራይ ላይ ሥራ ላይ ዋለ፤ በ2017 ዓ.ም ደግሞ የጊዜያዊ አስተዳደሩን ዕድሜ ለማራዘም ተሻሻለ። የተቆረጠ ቀን በሕግ ውስጥ ቢኖርም እንደሚሸሽ ከዚህ በላይ ማሳያ አያስፈልግም። ክልል ከተማን ሲረከብ ግን እንደ አዋጅ 359 ያለ ጎልቶ የሚታወቅ ሥርዓት የለንም። ለሳይንት፣ ለወግዲም ሆነ ለመካነ ሰላም ከክልሉ መቀመጫ ከባሕር ዳር በታች ያለው እርከን ዞን ነው፤ ደቡብ ወሎ ዞን ደግሞ የተመረጠ ምክር ቤት የሌለው የክልሉ ክንድ ነው፤ «አይሆንም» የሚል ሦስተኛ ወገን ሊሆን አይችልም።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ደረስን። ባለአደራ የሚሾመው በተመረጠ አካል ምትክ፣ ምርጫ እስኪደረግ ነው። በአገራችን የወረዳና የከተማ ምክር ቤት ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ በሰፊው የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም ነው። የአምስት ዓመቱ ዘመን በ2010 አለቀ፤ ምርጫው ተራዘመ፤ ከዚያ ወዲህ በአብዛኛው ከተማ አልተደረገም። የመካነ ሰላም ዓይነት ከተማ ምክር ቤት ዘመኑ ያለፈበት ከሆነ ክልሉ የሚረከበው ከማን ነው? አንዱ ተሿሚ ሌላውን ተሿሚ ቢተካ አደራ ተላለፈ አይባልም፤ ሰው ተቀየረ እንጂ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ በአማራ ክልል የኖረ ሰው ኮማንድ ፖስትም ያውቃል፤ እርሱ ግን የጸጥታ ሥልጣን ነው፤ የውኃ ሞተርና የጣሪያና ግድግዳ ግብር ጉዳይ አይደለም። ሁለቱን ማምታታት ቃሉንም ከተማውንም ይጎዳል።

ስለዚህ አቋሜ እንዲህ ነው። ክልል ያቃተውን ከተማ የመረከብ ሥልጣን ሊኖረው ይገባል፤ ደመወዝ ያልተከፈለው መምህርና ውኃ ያጣ ሰፈር በመርሕ ብቻ ሊጠብቁ አይችሉም። ነገር ግን የሚረከበው ሒሳቡን እንጂ ከተማውን በሙሉ መሆን የለበትም። የግዥ፣ የቅጥርና የክፍያ ፊርማ ወደ ባለአደራው ይዙር፤ የመሬት ሊዝ፣ የቀበሌ ክልል ለውጥና የግብር ተመን በእርሱ ሥልጣን አይነካ፤ እነዚህ ከእርሱ በኋላ የሚቀሩ ናቸውና። በሹመት ደብዳቤው ላይ ምክንያቱና የሚያበቃበት ቀን ይጻፍ፤ ቅጂው በማዘጋጃ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የመጨረሻው ቀን የከተማ ምርጫ ቀን ይሁን፤ ያለዚያ ቀኑ እንደ ትግራዩ ይሸሻል።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ወረቀት ሊቀድም ይገባል። የክልሉ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት ሲመጣ የከተማውን መዝገብ ብቻ ሳይሆን ክልሉ ለከተማው የላከውን ድጎማም ይመርምር፦ ስንት ተፈቀደ፣ ስንት ደረሰ፣ በየትኛው ወር ዘገየ። ገንዘቡ ከላይ ዘግይቶ ከሆነ የተሳነው ከተማው አይደለም፤ ያን ጊዜ ባለአደራ የሚያስፈልገው ለተረካቢው ይሆናል፤ እርሱን የሚሾም አካል ደግሞ በክልሉ ውስጥ የለም።