የወሲብ መጫወቻ ለሴት ጥንዶች፡ ከመልኩ በፊት የተሠራበት ነገር

በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በኩል ወደ ፒያሳም ሆነ ወደ መርካቶ የሚያመራ ሰው ኮንዶም ለመግዛት ብዙ አይቸገርም። የወሲብ መጫወቻ ግን በየሱቁ ተደርድሮ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ በሻንጣ ከውጭ መጥቶ እጅ ለእጅ የሚተላለፍ ነው፤ ካርቶኑና መመሪያው በመንገድ ይቀራሉ። ከምን እንደተሠራ የሚጠየቅ ነጋዴም የለም። የትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛቸው ሴት የሆነ ሴቶች ደግሞ ጥያቄያቸውን ለሐኪምም ደፍረው አያቀርቡም። ይህ ጽሑፍ ለእነዚህ ጥያቄዎች አጭር መልስ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸምን ወሲብ በቀላል እሥራት ያስቀጣል፤ ሴቶችንም ይመለከታል። አንቀጽ 640 ደግሞ ጸያፍ የተባሉ ዕቃዎችን ወደ ሀገር ማስገባትንና መሸጥን ይከለክላል። በሀገር ቤት የሚኖር ሰው ይህን ማወቅ አለበት። ካናዳ፣ ስዊድን ወይም ደቡብ አፍሪካ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ግን ዕቃው በግልጽ ከሱቅ የሚገዛ ነው። በሁለቱም ስፍራ ግን የሰውነት ተፈጥሮ አንድ ነው፤ ኢንፌክሽን ሕግ አይቶ አይመጣም።

ከምን ተሠራ?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ጥሩ የሚባሉት ቀዳዳ የሌላቸው፣ ፈሳሽ የማይመጡ ቁሶች ናቸው። ንጹሕ ሲሊከን፣ አይዝጌ ብረት፣ ሙቀት የሚችል ቦሮሲሊኬት መስታወትና ኤቢኤስ የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ከእነዚህ ይመደባሉ። በሌላው ወገን "ጄሊ" እየተባለ የሚሸጠው ለስላሳ ፒቪሲ፣ ቲፒኢ የተባለው ላስቲክ መሰል ቁስና ላቴክስ አሉ። እነዚህ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ስላሏቸው ባክቴሪያ ውስጣቸው ይደበቃል፤ ቢታጠቡም ሙሉ በሙሉ አይጸዱም።

ፒቪሲን ለማለስለስ የሚጨመሩት ፍታሌት የተባሉ ኬሚካሎች ሌላው ስጋት ናቸው። አንዳንዶቹ የሰውነትን ሆርሞን ሊያዛቡ ስለሚችሉ የአውሮፓ ኅብረት በልጆች መጫወቻ ላይ ገድቧቸዋል። ለአዋቂዎች መጫወቻ ግን ለረጅም ጊዜ የተለየ ዓለም አቀፍ ደረጃ አልነበረም። አይኤስኦ 3533 የተባለው ደረጃ የወጣው እ.ኤ.አ በ2021 ነው።

ካርቶን ከሌለ ዕቃውን ማሽተት ይቻላል። የአዲስ ፕላስቲክ መጋረጃ ዓይነት ኃይለኛ ሽታ ያለው፣ ሲነካ የሚያጣብቅ ወይም ቅባት የሚያወጣ ከሆነ መተው ይሻላል። ስንጥቅና ስለታም የስፌት መስመር ያለውም እንዲሁ። ያገለገለ ዕቃ ከሌላ ሰው መቀበል ተገቢ አይደለም።

ለደስታ የሚመረጠው

ብዙዎች መጫወቻ ሲባል ወደ ውስጥ የሚገባውን ብቻ ያስባሉ። አብዛኞቹ ሴቶች ግን ለእርካታ የሚበቁት በቂንጥር በኩል ነው፤ ስለዚህ ለጀማሪ ከውጭ የሚነካ፣ ትንሽና ንዝረቱ ደረጃ በደረጃ የሚጨመር ዕቃ ይመረጣል። ወደ ውስጥ የሚገባ ከተፈለገ ቀጠን ካለው መጀመር ይመከራል። በፊንጢጣ በኩል የሚሠራበት ዕቃ መጨረሻው ሰፊ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ውስጥ ገብቶ ይቀርና በሐኪም እጅ የሚወጣ ይሆናል። በቀበቶ ታጥቆ ለሚሠራበት ደግሞ ቀበቶው የሚታጠብ ጨርቅ ቢሆን ይበጃል።

ግድግዳ በሚጋሩ ቤቶች ለሚኖሩ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ደግሞ ቻርጅ የሚደረግ ዕቃ ይሻላል። ቻርጅ ላይ እያለ መጠቀም ግን አይገባም።

ከሁሉ በፊት ግን ሁለቱ ይነጋገሩ። ምን እንደሚፈልጉ፣ ምን እንደማይፈልጉ፣ "በቃ" ሲባል ወዲያው እንደሚቆም አስቀድመው ይስማሙ።

ለተገረዙ ሴቶች

በእኛ ሀገር ይህ ሳይነሳ አይታለፍም። እ.ኤ.አ በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 65 ከመቶው የተገረዙ መሆናቸውን አሳይቷል። ጠባሳ ያለበት ቦታ አንዳንዴ ይደነዝዛል፣ አንዳንዴ ደግሞ ከልክ በላይ ያማል። ይሁንና የቂንጥር አብዛኛው ክፍል ከቆዳ ሥር ያለ በመሆኑ የተገረዘች ሴት ደስታ አይሰማትም ማለት ስሕተት ነው። ዝቅተኛ ንዝረት፣ ብዙ ማለስለሻና ትዕግሥት ይጠቅማሉ። ብልቷ ለተሰፋ ሴት ወደ ውስጥ የሚገባ ነገር ሊቀድዳት ስለሚችል አስቀድማ የማህፀን ሐኪም ታማክር።

ማለስለሻ

ውሃነት ያለው ጄል ከሁሉም ቁስ ጋር ይስማማል። ሲሊከን ያለበት ማለስለሻ የሲሊከን ዕቃን ያበላሻል፤ ቫዝሊን፣ ቅቤና የሰውነት ቅባት ደግሞ የላቴክስ ኮንዶምን ያሳሳሉ፣ ይበጥሳሉ። የጥርስ ሳሙና፣ ሻምፖና ሽቶ ፈጽሞ አይሞከሩም።

ጽዳትና መጋራት

ሞተር የሌለው የሲሊከን፣ የብረት ወይም የቦሮሲሊኬት ዕቃ ይቀቀላል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 10 ደቂቃ ያህል ማቆየት ጥሩ ነው። መስታወቱ በራሱ ይቀዝቅዝ እንጂ ቀዝቃዛ ውሃ አይፈሰስበት። ሞተር ያለው በለብታ ውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ በንጹሕ ጨርቅ ከረጢት ይቀመጣል። በረኪና ቆዳን ስለሚያቃጥል አይመከርም።

ሁለት ሴቶች አንድ ዕቃ ሲጋሩ በኮንዶም ይሸፍኑት፤ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲያልፍ ኮንዶሙ ይቀየር። ከፊንጢጣ ወደ ብልት ሲዛወርም እንዲሁ ነው። ኮንዶሙ ቀዳዳ ያለውን ቁስ ችግርም ይቀንሳል።

"ሴት ከሴት ምን ይተላለፋል?" የሚሉ አሉ። ለማህፀን በር ካንሰር የሚዳርገው ኤችፒቪ ቫይረስ፣ ክላሚዲያና ትሪኮሞናስ በዕቃ መጋራት ሊተላለፉ ይችላሉ። የብልት ባክቴሪያ መዛባትም ከሴት ጋር በሚተኙ ሴቶች ዘንድ የተለመደ ነው። ኤችአይቪ ከሴት ወደ ሴት መተላለፉ እጅግ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ በ2014 ከቴክሳስ አንድ አጋጣሚ ዘግቧል፤ ጥንዶቹ መጫወቻ ይጋሩ እንደነበር ተገልጿል።

መቼ ወደ ሐኪም?

የዓሣ ዓይነት ሽታ ያለው ወይም መልኩ የተለወጠ ፈሳሽ፣ ማሳከክ፣ ቁስል፣ ከወር አበባ ውጭ የሚታይ ደም፣ የማያቋርጥ ሕመም ካለ መዘግየት አይገባም። ወጥቶ የማይወጣ ዕቃ ካለም በመቆንጠጫ መታገል ሳይሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። ዕድሜዋ ከ30 እስከ 49 የሆነ ሴት፣ ከወንድ ጋር ባትተኛም፣ የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ያስፈልጋታል። ለምርመራ የሄደች ሴት ስለ ጓደኛዋ ማንነት የመናገር ግዴታ የለባትም፤ ምልክቱን፣ የቆየበትን ጊዜና ወደ ውስጥ የገባ ዕቃ መኖሩን መናገር ለሕክምናው ይበቃል።