ዙሪክ ላይ ተስፋ የቆረጡት ስደተኞች

ሾፐንሃወርን እያነበብኩ ነው ስላችሁ «ምን ነካህ? ጸሎት አይሻልህም?» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። እንግዲህ ስሙኝ።

በቀደም ከጄኔቫ ዙሪክ ድረስ ሰው አደረስኩ። 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እንዲህ ያለ ሥራ በዓመት አንዴ ቢገኝ ነው። ሰውየውን አውርጄ ዜልትቬግ ወደሚባለው ጎዳና ነዳሁ። የኦፔራ ደራሲው ሪቻርድ ዋግነር እዚያ ይኖር ነበር። በ1849 (በፈረንጆቹ ነው የማወራው) ድሬስደን ላይ አመፅ ውስጥ ገብቶ፣ የእስር ማዘዣ ወጥቶበት፣ በሌላ ሰው ፓስፖርት ድንበር ተሻግሮ የመጣ ስደተኛ ነው። መንገዱን እናውቀዋለን! ሰውየውን ግን አልወደውም፤ እዚሁ ዙሪክ ተጠግቶ ሳለ በአይሁድ ላይ መርዝ ጽፏል።

በ1854 ሄርቬግ የሚባል ገጣሚ የሾፐንሃወርን መጽሐፍ አስተዋወቀው። ሄርቬግም በ1848 ከፓሪስ ወደ ባደን ዘምቶ የተሸነፈ ስደተኛ ነበር። መጽሐፉ ከወጣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አንባቢ አጥቶ ነው የኖረው። ዋግነር በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ አነበበው።

ለምን ያኔ? መጽሐፉ ያው ነው፤ የተሸነፈው አንባቢው ነው። በ1848 ሕገ መንግሥት መጣ፣ ነፃነት መጣ ብለው አደባባይ የወጡ ሰዎች፣ በዓመቱ ወይ እስር ቤት ነበሩ ወይ ስዊዘርላንድ። 97ን ያየን ሰዎች ይሄ አይጠፋንም። ያኔ «አይዞህ፣ ነገ ይሻላል» የሚልህ ሰው ያደክምሃል። ኢንጂነር ሳለሁ አንድ ምሰሶ የሚሸከመውን ክብደት አስቀድመን እናሰላ ነበር። ሾፐንሃወርም ሸክሙን አይቀንስልኝም፤ ልኩን ግን አይዋሸኝም። ደግሞ ሰዎች «ጌታዬ» ከሚባባሉ የመከራ ባልንጀራ ብለው ቢጠራሩ ይሻላል ይላል። ሌሊት ታክሲ የነዳ ይገባዋል።

ያላሰብኩት ነገር ኋላ መጣ። በመስከረም 1848 ፍራንክፈርት ላይ ወታደሮች ከሾፐንሃወር መስኮት ሆነው አመፀኞቹን እንዲተኩሱ ቤቱን ከፍቷል፤ ለመኮንኑም የቲያትር መነጽሩን አውሶታል። ሀብቱንም ያን አመፅ ሲያፍኑ ለቆሰሉ የፕሩሲያ ወታደሮችና ለሟቾቹ ቤተሰቦች ተናዟል። ዙሪክ ያሉት ስደተኞች የሚጽናኑበትን መጽሐፍ የጻፈው እሱ ነው።

ይሄን ካነበብኩ በኋላ መጽሐፉን ሦስት ቀን አልነካሁትም። በአራተኛው ቀን ኮርናቫን ባቡር ጣቢያ ተራ ስጠብቅ ከፈትኩት።