ኤፍ1ን ስንጫን ማን ይመልስልናል?

ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ኢንተርኔት አልነበረም። አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ የተገደለው በዋዜማው ምሽት ነው። ኢንተርኔቱ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ያህል ፈጀ። በእነዚያ ቀናት ብዙ ሰው የማይተካ ነገር አጥቷል፤ የእኔ ኪሳራ ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም። የዛሬው ጽሑፍ ግን ከእሷ ስለሚነሣ ላውራችሁ።

ላፕቶፔ ውስጥ የአንድ ሰዓት ተኩል ቃለ መጠይቅ ነበረኝ። ወደ ጽሑፍ ልገለብጠው ስቀመጥ ድምፅ የለም። ቮሊዩም ጨመርኩ፣ ኢርፎኑን ነቅዬ ሰካሁ፣ ሪስታርት አደረግሁ፤ ጭጭ። በመጨረሻ ድሮ ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ የለመድኩትን አደረግሁ፦ ኤፍ1ን ተጫንኩ። ብሮውዘር ተከፈተና «ኢንተርኔት የለህም» አለኝ። እሱንማ እኔም አውቃለሁ!

ሰፈር ውስጥ ያለ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ደቂቃ እንኳ ሳያየው ፈረደ፦ «ብሮ፣ የዚህ መፍትሔው ፎርማት ነው።» «ፋይሎቼስ?» «ባክአፕ እይዝልሃለሁ፣ አታስብ።» ድምፁ ተመለሰ። ቃለ መጠይቁ ግን ባክአፑ ውስጥ አልነበረም።

ከወራት በኋላ ያው ችግር ሲደገም ነው ነገሩ የገባኝ። ኮምፒውተሩ ድምፁን ይልክ የነበረው ወዳልተሰካ ስፒከር ነው። ይህን ለይቶ የሚያስተካክል ትንሽ ፕሮግራም እዚያው ማሽኑ ውስጥ፣ ሴቲንግ ሥር ተቀምጦ ነበር። ለመሥራት ኢንተርኔት አይፈልግም ነበር። እርዳታው ቤት ውስጥ ነበር፤ በሩ ግን የተከፈተው ወደ ውጭ ነው።

እንዴት እዚህ ደረስን? ታሪኩን ከሥሩ እንየው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በ1971 አሜሪካ፣ ቤል ላብስ ውስጥ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስ ለተባለው ሥርዓታቸው መመሪያ አወጡ። መመሪያው ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የራሱን ገጽ ይሰጣል፤ ገጾቹም አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። መጀመሪያ የትእዛዙ ስም፣ ቀጥሎ አጻጻፉ፣ ከዚያ ማብራሪያው ይመጣል። ወደ ታች ስትወርዱ ግን ዛሬ በተለመደው እርዳታ ውስጥ እምብዛም የማናያቸው ሁለት ርእሶች ታገኛላችሁ። አንዱ የታወቁ ጉድለቶችን የሚዘረዝር ነው። ሌላው «ባለቤት» ይላል፤ ከሥሩ የፕሮግራሙ ኃላፊ ማን እንደሆነ በአጭር ስም ተጽፏል።

አስቡት። ሠሪው ራሱ «ሥራዬ እዚህ ጋ ይሰነካከላል፣ ተጠያቂውም እኔ ነኝ» ብሎ ይፈርማል። ብዙም ሳይቆይ ገጾቹ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገቡ፤ የሚጠሩትም «ማን» በሚል ትእዛዝ ሆነ። ቃሉ በእንግሊዝኛ መመሪያ ለሚለው ማሳጠሪያ ነው። ለአማርኛ ጆሮ ግን ጥያቄ ነው፦ ማን? ገጹም ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበረው።

ዩኒክስ የባለሙያ መሣሪያ ነበር። ኮምፒውተር ወደ ቢሮና ወደ ቤት ሲገባ እርዳታውም ተከትሎ ገባ። በ1987 አይቢኤም ፕሮግራሞች ሁሉ አንድ ዓይነት አጠቃቀም እንዲኖራቸው ደንብ ሲያወጣ ኤፍ1ን የእርዳታ ቁልፍ አደረገው። በ1990 ዊንዶውስ 3.0 የራሱን የእርዳታ መጽሐፍ ይዞ መጣ፤ ማውጫ አለው፣ ፍለጋ አለው፣ አረንጓዴውን ቃል ስትነኩ ወደ ሌላ ገጽ ይወስዳችኋል። ዌብ ገና ለሕዝብ አልቀረበም ነበር። ዊንዶውስ 95 ደግሞ እንደ ሐኪም መጠየቅ ጀመረ። ፕሪንተሩ እንቢ አለ? ይህን ሞክር። ተስተካከለ? ካልተስተካከለ ይህንን።

ከዚያ ያቺ ዓይናማ የወረቀት ማያያዣ መጣች። በኦፊስ 97 ሰው ደብዳቤ ሲጀምር ብቅ እያለች «ልርዳህ?» የምትለውን ብዙዎቻችን እናስታውሳታለን። ከጀርባዋ በማይክሮሶፍት የምርምር ክፍል የተሠራ ቁም ነገር ያለው ጥናት ነበረ። ሰው ግን ሳይጠይቅ የሚመለስለትን አይወድም። በ2001 ካልጠሯት እንዳትመጣ ተደረገች፤ በኦፊስ 2007 ጭራሽ ተሰናበተች።

እኛ በእሷ ስንስቅ ትልቁ ለውጥ በጎን አለፈ። በ2007 ለገበያ የወጣው ዊንዶውስ ቪስታ የድሮዎቹን የእርዳታ ፋይሎች የሚከፍተውን ፕሮግራም አስቀረ። ፋይሉ ዲስክ ላይ አለ፤ የሚያነበው ግን የለም፣ አንባቢውን ከኢንተርኔት ማውረድ ግድ ሆነ። በ2015 ዊንዶውስ 10 ሲመጣ ዴስክቶፕ ላይ ሆናችሁ ኤፍ1ን ስትጫኑ የሚከፈተው የኢንተርኔት ፍለጋ ሆነ። በ2023 ማይክሮሶፍት እኔን ሊያድነኝ ይችል የነበረውን ዓይነት የችግር መፍቻ ፕሮግራም ደረጃ በደረጃ እንደሚያስወግድ አስታወቀ።

የኩባንያዎቹ ምክንያት ባዶ አይደለም። ኢንተርኔት ላይ ያለ ገጽ ስሕተት ሲገኝበት በዕለቱ ይታረማል፤ ዲስክ ላይ ያለው እስከ ቀጣዩ ዕትም ከነስሕተቱ ይኖራል። የድሮው መመሪያም ብዙ ጊዜ ደረቅ ነበር። ይህን እቀበላለሁ። ስሌቱ ግን ኢንተርኔት እንደ አየር ሁልጊዜ አለ በሚል ግምት ላይ የቆመ ነው። ትግራይ ውስጥ ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ሁለት ዓመት ገደማ ከኢንተርኔት ተቆርጦ ለኖረ ሰው ይህን ንገሩት እስቲ።

ሌላም አለ፤ ቋንቋው። ያ ሁሉ እርዳታ ያወራ የነበረው በእንግሊዝኛ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ዊንዶውስም የራሱን የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው ከቪስታ ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር። የእኛ ዋና ችግር ይህ ሆኖ ሳለ ኤፍ1 ስለዚህ ምንም አያውቅም። የሚያውቁት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቷ እኅትና የኢንተርኔት ካፌው ልጅ ነበሩ። የእኛ ኤፍ1 ሰው ነበር።

ይህ እርዳታ ትልቅ ጸጋ አለው። በቋንቋችን ይመልሳል፣ ኔትወርክ አይጠይቅም፣ ሲያሻው ነገ ክፈል ይላል። ነገር ግን የ1971ዱ ገጽ የነበረው ነገር ጎድሎታል፤ ጉድለቱን አይናገርም። ለሁሉም በሽታ ፎርማት የሚያዝዝ ሐኪም የት ላይ እንደማያውቅ አይነግራችሁም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለባለሙያው ብቻ አይደለም፤ ሳልጠይቅ ላፕቶፔን አስረክቤ ለመጣሁት ለእኔም ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ላፕቶፓችሁን ለጥገና ከመስጠታችሁ በፊት ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ችግር መፍቻውን ፈልጉ፤ የማትከፍሉበት አሥር ደቂቃ ነው። የማይተካ ፋይላችሁን ደግሞ ራሳችሁ ፍላሽ ላይ ገልብጡ፤ «አታስብ» በሚል ቃል አትመኑ።

ሁለተኛው ለምታውቁት ነው። አንድ ችግር ስትፈቱ አንድ ገጽ በአማርኛ ጻፉ። ችግሩ ምንድን ነው? እንዴት ይፈታል? መፍትሔው የማይሠራው መቼ ነው? ከታች ስማችሁን አስፍሩ። ገጹንም ሰው ስልኩና ፍላሹ ላይ እንዲያስቀምጠው አድርጋችሁ አጋሩት። ያኔ ኢንተርኔት በጠፋበት ቀን አንድ ሰው «ማን?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ስሙን የጻፈ አንድ ሰው እዚያው ፍላሹ ላይ ይጠብቀዋል።