ጎታና ጋን

በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች የጭቃ ሥራ ሁለት ወገን ነው፤ አንዱ በነፋስና በፀሐይ የሚደርቅ፣ ሁለተኛው በእሳት የሚተኮስ።

ጎታ ከመጀመሪያው ወገን ነው። የገበሬው ባለቤት ጭቃውን ከጤፍ ጭድና ከእበት ጋር ለውሳ ለቀናት ታቦካዋለች። ከዚያም ዙሪያውን በክብ በክብ እያነሣች ትሠራለች፤ የታችኛው ሳይጠና የላይኛው አይጫንም። ጭቃ ሲደርቅ ስለሚኮማተር፣ ጭዱ እንዳይሰነጠቅ አያይዞ ይይዘዋል። የደረቀው ጎታ እህል ያከማቻል፤ ውኃ ካገኘው ግን ተመልሶ ጭቃ ይሆናል።

ጋን፣ ማሰሮና ምጣድ እሳት ይሻሉ። ከ600 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በላይ የተተኮሰ ሸክላ ባሕርዩ ስለሚለወጥ በውኃ አይፈርስም። ሆኖም ጥበቡ በላቀ መጠን ክብሩ አነሰ። ጎታ የሠራችው ባለሙያ ስትባል፣ ጋን የሠራችው «ቡዳ» ተባለች። ምጣዷ ተገዝቶ እንጀራ ይጋገርበታል፤ ከቤቷ ጋር መጋባት ግን ነውር ነበር።

የነገሩ ሥር ከርስት ጋር የተያያዘ ነው። በጎንደር አካባቢ ርስት የተነፈጉት ቤተ እስራኤል በሸክላ፣ በአንጥረኝነትና በሽመና ኖሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሽሮ፣ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሁሉ በጾታ ሳይለይ የመሬት መብት ሰጠ። ስድቡ ግን በአዋጅ ብቻ አልጠፋም።

በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል ተሻገሩ። በወለቃ የሸክላውን ሥራ የወረሱት፣ ወገኖቻቸው ሙያውን ሲንቁ የኖሩ ክርስቲያን ጎረቤቶች ናቸው።