ባለሟልና ባለዘውድ፦ ከስናር እስከ ጎንደር

በገላባትና በመተማ ዙሪያ ያለው አገር በጥንት ስሙ ራስ አል ፊል ይባል ነበር። ይህ ጠረፍ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከዙፋኑ ለተባረረ ንጉሥ መጠጊያ እንደነበር የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ንጉሡ የስናሩ የፉንጅ ሱልጣን ባዲ አራተኛ ነው። በ1744 እ.ኤ.አ. ሠራዊቱ የጎንደሩን ንጉሥ የዳግማዊ ኢያሱን ጦር በዲንደር ወንዝ አጠገብ ድል ነሥቶ፣ ከምርኮው ጋር የኵርዓተ ርእሱን ሥዕል ወሰደ፤ ሥዕሉም ኋላ በወርቅ ተዋጅቶ ተመለሰ።

ድሉ ግን ዙፋኑን አላጸናለትም። ባዲ ነባሮቹን የፉንጅ መኳንንት እየገፋ በባለሟሎቹ ታመነ። ከእነዚህ አንዱ፣ የሐመጅ ተወላጁ መሐመድ አቡ ሊካይሊክ፣ በኮርዶፋን ዘመቻ ስሙን ተከለ። የተከፉት ሁሉ ወደ እርሱ ተጠጉ፤ በ1762 ባዲን ሽሮ ልጁን ናስርን አነገሠ። ዘውዱ በወራሹ ራስ ላይ ቢቀመጥም ሥልጣኑ በአንጋሹ እጅ ቀረ። ናስርም ከዚህ ቀንበር ለመላቀቅ ሲያስብ በ1769 ገደማ ተገደለ።

ባዲ የሸሸው ቀድሞ ድል ወደ ነሣው ጎንደር ነበር። አፄ ኢዮአስ ተቀብሎ ራስ አል ፊልን ሾመው። ይሁንና በሽንገላ ወደ ስናር ተጠርቶ ታሰረ፤ ኋላም ተገደለ። አስጠጊው ኢዮአስም አልተረፈም፤ ለእርዳታ የጠራው ራስ ሚካኤል ስሑል በ1769 አስገደለው።

ሁለቱ ቤተ መንግሥታት በሃይማኖትም በቋንቋም ይለያዩ ነበር፤ ሕመማቸው ግን አንድ ነው። ጦሩን ለባለሟል ያስረከበ ንጉሥ፣ የልጁንም ዕድል አብሮ አስረክቧል።